ስልኩን ከትራስ ሥር ያስወጣሁበት መንገድ

ስልክ ትራስ ሥር የሚያድረው እዚያ ሥራ ስላለው ነው። ጠዋት የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። መብራት ሲጠፋ የእጅ ባትሪ እሱ ነው። «ሌሊት ቤተሰብ ቢታመም በምን ይደወልልኛል?» ለሚለው ሥጋትም መልሱ እሱ ነው። ስለዚህ «ከነገ ጀምሮ አልነካውም» የሚለውን መሐላ ትቼ እነዚህን ሥራዎች አንድ በአንድ ነጠቅኩት።

በአንድ ድንጋይ የሚሠራ ተራ የሚቀሰቅስ ሰዓት ገዛሁ። አልጋው ራስጌ ቻርጅ የሚደረግ ትንሽ መብራት አስቀመጥኩ። ቻርጀሩን ከመኝታ ቤት አውጥቼ ሳሎን፣ ከሶፋው ራቅ ያለው ሶኬት ላይ ሰካሁት። ርቀቱ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ገመዱ ሶፋው ድረስ ከደረሰ ሰው እዚያው ተጋድሞ ያመሻል። መኝታ ቤት «ለክፉ ቀን» የተቀመጠ ሁለተኛ ቻርጀር ካለ ደግሞ ሁሉም በሳምንቱ ይፈርሳል። ፓወር ባንኩም ሳሎን ይደር።

የሌሊቱ ጥሪ ስልኩን ጸጥ በሚያሰኘው «ዱ ኖት ዲስተርብ» ይፈታል። እዚያ ውስጥ ጥሪ እንዲያልፍ የምንፈቅደው በስልኩ የስም ዝርዝር ውስጥ ኮከብ ላደረግንባቸው ሰዎች ብቻ ነው፤ እኔ ያስገባሁት እናቴን፣ እህቴንና አንድ ጎረቤት ነው። «ሪፒት ኮለርስ» የሚለውም ይብራ። አንድሮይድ ላይ ያው ቁጥር በ15 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ከደወለ ስልኩ ይጮኻል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሁለቴ የሚደውል ሰው ለወሬ አይደውልም። ድምፁ ከሳሎን እንዲሰማ እስከ ጥግ ከፍ ይበል። ዘመድ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በኢሞ ወይም በዋትስአፕ የሚደውል ከሆነ ግን በግምት አትተኙ፤ ቀን ላይ ዱ ኖት ዲስተርቡን አብርታችሁ አስደውሉና ማለፉን ሞክሩት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዱ ኖት ዲስተርቡ በራሱ የሚበራበትንና የሚጠፋበትን ሰዓት ሲሞላ ነው። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ከማታ 3 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት ጸጥ እንዲል የፈለገ ሰው 3:00 ፒኤም፣ ከዚያ 12:00 ኤኤም ብሎ ይሞላል። ስልኩ ከቀኑ 9 ሰዓት ዝም ይላል፣ አለቃ ሲደውል አይሰማም፤ ሌሊት 6 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ይነቃል። ማለትም የተፈለገው ተገልብጦ ይሠራል። መፍትሔው የስልኩን ሰዓት ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር መቀየርና 21:00 እና 06:00 ብሎ መሙላት ነው።

በዚሁ ሰዓት ምክንያት አንድሮይድ ውስጥ ያለው የስልክ አጠቃቀም መቆጣጠሪያ «ዲጂታል ዌልቢንግ» ላይ የሚሞላው የአፕ ገደብም ይሸነግላል። ለቲክቶክ በቀን 30 ደቂቃ ብትሰጡት ቆጠራው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። እስከዚያ ያልተኛ ሰው አዲስ 30 ደቂቃ ይመረቅለታል። ገደቡ የሚጠቅመው ስልኩ ቀድሞ ሳሎን ከገባ ብቻ ነው።

የሥራው ጎን ይከብዳል፤ ሥራችን ቴሌግራም ላይ ሰፍሯል። መጀመሪያ የሥራ ሲሜን ማታ ማጥፋት ሞከርኩ፣ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። አንደኛ፣ ቴሌግራም አንዴ ከተከፈተ ሲሙን አይጠብቅም፤ ሲሙ ቢጠፋም በቤት ዋይፋይ መልእክቱ ይጎርፋል። ሁለተኛ፣ የባንኩ ማረጋገጫ ኮድ የሚላከው በዚያው ቁጥር ከሆነ ገንዘብ ላስተላልፍ ስትሉ ኮዱ አይመጣም። ባንክም ቴሌብርም በግል ቁጥር ይሁኑ።

የሠራልኝ ይህ ነው፦ አንድ ቴሌግራም ውስጥ ሁለት አካውንት፣ አንዱ በሥራ ቁጥር፣ አንዱ በግል። ከዚያ ሴቲንግ፣ ኖቲፊኬሽን፣ እዚያ «ኦል አካውንትስ» የሚለውን ማጥፋት። አሁን የሚጮኸው ከፍተን ያለነው አካውንት ብቻ ነው። 11:30 ከቢሮ ስወጣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ወደ ግሉ እቀይራለሁ፤ ጠዋት 2:30 ስገባ እመልሳለሁ። ጠዋት መመለስን መርሳት አለ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሥራው አካውንት ተከፍቶ ከዋለ ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው።

ይህን ሳታስታውቁ ብታደርጉ ግን ጠብ ነው። ግሩፑ ላይ የጻፍኩት አጭር ነበር፦ «ጤና ይስጥልኝ፤ ከ12 ሰዓት በኋላ ቴሌግራም አላይም፤ የሚያጣድፍ ነገር ካለ ደውሉልኝ።» መልእክት ነፃ ስለሆነ ሰው ሳያስብ ይልካል፤ ስልክ ለመደወል ግን አሰብ ያደርጋል፣ ያፍራልም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው፤ ትርፍ ሰዓትም ክፍያ አለው። ወሬውን በአዋጅ መጀመር ግን አልመክርም፤ «ደውሉልኝ» ከአዋጁ ይልቅ በር ይከፍታል።

እኔም ማታ ሐሳብ ሲመጣልኝ የሌላውን ሰው እራት አልረብሽም። የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርጎ ይዞ «ስኬጁል» መምረጥ፣ ከዚያ 08:30። መልእክቱ የሚቀመጠው ቴሌግራም ዘንድ ስለሆነ ስልኩ ቢጠፋም በሰዓቱ ይደርሳል።

የሚያጨቃጭቀው ልጅ ነው። «ስልክ ካልያዘ አይጎርስም» የሚለውን የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን ጨርሶ አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ደግሞ ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ሲያንስ ይሻላል ይላል። ዩቲዩብ ላይ ችግሩ አለማለቁ ነው፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይደረደራል፣ ነጣቂዋም ክፉዋም እናት ትሆናለች። እኛ ቤት በፍላሽ ተካነው፦ 20 ደቂቃ የሚሆኑ ሁለት ፊልሞች ብቻ ተጭነው ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰካሉ፣ ከምግብ በኋላ እንጂ ከጉርሻ ጋር አይደለም። የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ቀናት ሳህኑ ሳይነካ ይነሳል፤ በመሐል መክሰስ ካልተሰጠ ረሃቡ ራሱ ያበላል። ሁለተኛው ፊልም ሲያልቅ ስክሪኑ ይጠቁራል። ልጁ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ያየናል፤ ማንም ምንም እንዳልነጠቀው ሲያይ ኳሱን ፍለጋ ይሄዳል።