ከሐረጎ ግርጌ ያለው ባቡር ጣቢያ

ወደ ወሎ በመኪና የሚሄድ ሰው ባቡሩ ለምን በዚያው መንገድ እንዳልተቀየሰ ለመረዳት ጣርማ በርን መሻገር ይበቃዋል። አስፋልቱ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፎ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል፤ አውቶቡስ በከባድ ማርሽ የሚወርደውን ይህን ቁልቁለት ብዙ ፉርጎ የሚጎትት ባቡር አይደፍረውም። ስለዚህ የወሎ ሃዲድ የሚነሣው ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከአዋሽ ነው። ከጅቡቲው መስመር እዚያ ተገንጥሎ በቆላው ወደ ሰሜን ያቀናል፤ እስከ ኮምቦልቻ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ወልድያ አቅራቢያ እስካለችው ሐራ ገበያ ሲቆጠር 390 ይጠጋል።

እኔ የሄድሁት በየካቲት 2015 ዓ.ም. ነበር። ከከሚሴ በኋላ፣ የቦርከና ሸለቆ ሲጀምር፣ ዓይኔን ከመስኮቱ አላነሣሁም፤ የሃዲዱ የአፈር ድልድልና የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹ ከማሽላው ማሳ ባሻገር ብቅ ጥልቅ እያሉ ይታያሉ።

ኮምቦልቻ እንደ ደረስሁ በባጃጅ ወደ ጣቢያው ሄድሁ። ጥበቃው በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ወደ ውስጥ መግባት እንደማይቻል ከነገሩኝ በኋላ ፊቴን አይተው፣ «አብሽር ልጄ፣ ከዚህም ሆነህ ይታይሃል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሕንፃው፣ መሳፈሪያው፣ ምሰሶዎቹ ሁሉ በቦታቸው አሉ። ባቡር በየቀኑ የሚመላለስበት ሃዲድ አናቱ በመንኮራኩር ተፍቆ ያበራል፤ የዚህኛው ግን ዝጎ ቡናማ ሆኗል። የጣቢያውን ታሪክ ለማወቅ ከዚያ ወዲያ ሰነድ የሚያስፈልግ አልመሰለኝም፤ ቢሆንም ታሪኩ መነገር ያለበት ነው።

ውሉ የተፈረመው በ2004 ዓ.ም. ከቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ ጋር ሲሆን፣ ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር፤ ብድሩም ከቱርክ ኤግዚም ባንክና ከአውሮፓ ባንኮች የተገኘ ነው። ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። መስመሩ እንደ አዲሱ የጅቡቲ መስመር በሁለቱ ሃዲዶች መካከል 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውና በኤሌክትሪክ የሚሠራ እንዲሆን ታስቦ፣ ተራራው ባስገደደበት ሁሉ ከ10 በላይ ዋሻዎች ተቆፈሩለት። እስከ ኮምቦልቻ ያለው ምዕራፍ ቀድሞ ተጠናቀቀ ሊባል ቢደርስም ኤሌክትሪኩ በጊዜው ሳይደርስለት ቀረ። በእኔ ግምት የጣቢያው ዕጣ የተወሰነው ያን ጊዜ ነው፤ ሃዲድ ዘርግቶ ኃይሉን በኋላ መፈለግ ሥራውን ከጭራው እንደ መጀመር ነበር። በዚህ መሃል በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ገባ፤ ከተማዋም እስከ ኅዳር መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆየች፤ የባቡር ፕሮጀክቱም ከዝርፊያና ከውድመት አልተረፈም። ጥበቃው ስለዚያ ወር ስጠይቃቸው «ወላሂ፣ እሱን ተወው» ብለው ወሬውን ወደ ልጆቻቸው መለሱት።

በዚያ አጥር ሥር ቆሜ ያሰብሁት ስለ ድሬዳዋ ነው። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ መስመሩ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ ሃዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ቀረ፤ በዚያም ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ንግዱም ቀስ በቀስ ከጥንታዊቱ ከተማ ወደ ቆላው ወረደ። ኮምቦልቻና ደሴም እንደዚሁ ናቸው፤ አንዷ በ1,850 ሜትር ገደማ፣ ሌላዋ በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ልዩነቱ ኮምቦልቻ ባቡሩን ሳትጠብቅ ማደጓ ነው፤ የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሁሉ አንድ ፉርጎ ሳይገባ በጭነት መኪናና በሚኒባስ ቆመዋል።

ወደ ማታ ከሥራ ከሚመለሱት ጋር በሚኒባስ ተሳፍሬ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ወጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡት መምህር ኮምቦልቻ እያስተማሩ ደሴ የሚኖሩ ነበሩ፤ መንገዱን ጠዋትና ማታ ይመላለሱበታል። ባቡሩ ቢጀምር ምን እንደሚለወጥላቸው ጠየቅኋቸው። «አዲስ አበባ ያደርሰኝ ይሆናል እንጂ ደሴ ፒያሳ አያወጣኝም» አሉ። ሃዲዱ የከተማይቱን መሃል እንደማይነካ ካስረዱኝ በኋላ፣ ለደሴ ሰው የሚጠቅመው ባቡሩ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት ልክ ከጣቢያው ደጃፍ የሚነሣ መኪና መመደቡ መሆኑን፣ እሱ ካልታሰበበት ግን መንገደኛው ሻንጣውን ተሸክሞ መጀመሪያ መናኸሪያ ድረስ በባጃጅ መሄድ እንደሚኖርበት ነገሩኝ። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ ሰምቶን ኖሮ፣ «ጋሼ፣ እኛ አለን አይደል!» አለ።