ጉልበት እስኪቀየር ቁጭ ብሎ መጠበቅ

የጉልበት ቅየራ ቀጠሮ የተያዘለት ሰው ብዙ ጊዜ እግሩን አስቀምጦ ቀኑን ይቆጥራል። «ሊቀየር ነው፣ ምን አደከመኝ» ይላል። የሚቀየረው ግን የተበላው የአጥንት ጫፍ ነው፤ ጡንቻው ያው የራሱ ነው። የጭን የፊት ጡንቻ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ክፉኛ ይሰንፋል፤ ቀድሞ የሰለለ ከሆነ ከወንበር መነሳትም ጭንቅ ይሆናል። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒው፣ ማለትም ጡንቻና መገጣጠሚያ የሚያጠነክረው እንቅስቃሴ፣ ከቀዶ ሕክምናው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብሎ ቢጀመር ይመረጣል።

ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ መታጠፉ ነው። አለመዘርጋቱ ግን ይብሳል! ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋ ጉልበት ያስነክሳል፤ ቆመውም ጡንቻው አያርፍም። ማታ ከጉልበት ሥር የሚደረገው ትራስ ለጊዜው ያስታግሳል፤ ሲለመድ ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ ይቀራል። ይልቅ ተጋድሞ የተጠቀለለ ፎጣ ከተረከዝ ሥር ማድረግ፣ ጉልበቱን ምንም ሳያስደግፉ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መቆየት፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ። እዚያው እንዳሉ ጭንን አጥብቆ ጉልበቱን ወደ ታች መጫን፤ 5 ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፣ 10 ጊዜ። ብዙ ሰው ትንፋሹን ይይዛል፤ ጮክ ብሎ መቁጠር መፍትሔው ነው።

ከዚያ ደህናውን እግር አጥፎ የታመመውን ቀጥ እንዳለ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ማንሳት። ሲነሳ ጉልበቱ ከታጠፈ ጡንቻው ገና ስለሆነ ወደ መጫኑ ይመለሱ። ከወንበር መነሳትና መቀመጥም ይለመድ፤ ወንበሩ ዝቅ ካለ ትራስ ይጨመርበት።

ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ሲለካ እስከ 5 ቢደርስም፣ በማግስቱ ወደ ወትሮው ከተመለሰ አያሰጋም። ካልተመለሰ ወይም ካበጠ ብዛቱን ይቀንሱ እንጂ አይተዉት።

ጭንቀቱ በአብዛኛው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ቀን ካለማወቅ ነው። ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ አስነስተው ያራምዳሉ፤ ስለዚህ ክራንቹንና ደረጃውን አሁኑኑ መለማመድ ነው። ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ ክራንቹና የታመመው። አንድ ምርኩዝ ብቻ ከሆነ በደህናው እግር በኩል ይያዛል፤ እጅ ሲንጠለጠል መያዣው የእጅ አንጓ ላይ ይድረስ።

በውጭ አገር ለሚታከም ሰው ደግሞ በባዕድ ቋንቋ ሕመምን ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ቀጠሮ ሲያዝ አስተርጓሚ ይጠየቅ፤ ልጅ ለወላጁ ሲያስተረጉም ሕመሙን ያለሳልሳል። «ደህና ነኝ» ለባለሙያው ምንም አይነግረውም። ስንት ደቂቃ ሄደው እንደሚቆሙ፣ ሕመሙ ሌሊት ስንቴ እንደሚቀሰቅስዎ ይንገሩት።

የዚህ ልፋት ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ እየቆየ ሲሄድ ካልለፋው ሰው ጋር ያለው ልዩነት ይጠባል። ሌላው፣ እግር ላይ ጭረት ወይም ቁስል ቢወጣ ሳይደብቁ ይንገሩ፤ የጀርም መግቢያ ስለሚሆን ቀጠሮው ሊራዘም ይችላል።