ማት ሆኖ ሰዓቱ ሲቆጥር፦ በደሴ ያዘጋጀሁት የገና ብሊትዝ

ደሴ ውስጥ የሰፈር ልጆችን ቅዳሜ ቅዳሜ ቼዝ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ዘንድሮ ገና ረቡዕ ስለዋለ፣ ቅዳሜ ጥር 2 ቀን 2018 ለልጆቹ የበዓል ብሊትዝ፣ ማለትም የፈጣን ቼዝ ውድድር፣ ላዘጋጅ ተነሣሁ። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 15 የሆነ 25 ልጆች መጡ። አብዛኞቹ የደሴ ናቸው፤ ስድስቱ ከኮምቦልቻ፣ ሁለቱ ከሐይቅ። በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ነገር የሚያስብ ሌላ ሰው ካለ እኔ የተሳሳትኩትን እንዳይደግመው ብዬ እንደነበረ እጽፈዋለሁ።

ሰሌዳና ጠጠር አላስቸገረኝም፤ ከዚህም ከዚያም ተለቅሞ ሞላ። የቸገረኝ የቼዝ ሰዓት ነው፤ ተጫዋቹ ጠጠሩን ካንቀሳቀሰ በኋላ ተጭኖ የራሱን ጊዜ አቁሞ የተጋጣሚውን የሚያስጀምርበት። አሥራ ሁለት ሰሌዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል፤ ያለኝ ግን አራት ብቻ ነበር። ለቀሩት ስምንቱ የወላጆችንና የጓደኞቼን ስልክ ለምኜ የቼዝ ሰዓት መተግበሪያ ጫንኩባቸው። በዚህ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን፣ በፊዴ ሕግ፣ ለአንድ ተጫዋች የሚሰጠው ጊዜ 10 ደቂቃ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ጨዋታው ብሊትዝ ይባላል። በየእርምጃው የሚጨመር ሴኮንድ ካለ በ60 ተባዝቶ ይደመራል። እኔ ያለ ጭማሪ 5 ደቂቃ ሰጠሁ። አንዱ ጨዋታ ከ10 ደቂቃ አያልፍም፣ ሰባቱን ዙር ከምሳ በፊት እጨርሳለሁ ብዬ አስልቼ ነው። ስሌቱ ወረቀት ላይ ትክክል ነበር።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ አዳራሹ በረዶ ነበር ማለት ይቻላል። ጥር መግቢያ ላይ የደሴ ብርድ ለለመደውም ከባድ ነው፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ በበሩ ሥር ይገባል። የሐረጎን አቀበት ወጥተው የመጡት የኮምቦልቻ ልጆች ደግሞ ለአገራቸው አየር የሚበቃ ስስ ልብስ ነው የለበሱት። እጃቸውን እጅጌያቸው ውስጥ ቀብረው ተቀመጡ። በ5 ደቂቃ ጨዋታ የደነዘዘ እጅ ማለት የሚወድቅ ጠጠር ማለት ነው። ለወላጆቻቸው «ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ አስይዟቸው» ብዬ ቀድሜ መደወል ነበረብኝ። ጎረቤታችን እትዬ ከሰል አቀጣጥለው ሻይ ባያፈሉልን ኖሮ የመጀመሪያውን ዙር የምንጀምረው አይመስለኝም።

አንድ አባት፣ የሁለት ተጫዋቾች አያት፣ መረቁን። «እጃችሁ ይፍታታ፣ ልባችሁ ይስፋ፣ የመጣችሁበት መንገድ ሰላም ይሁን» ሲሉ ግማሹ ልጅ አሜን፣ ግማሹ አሚን አለ። ምርቃቱ ሲያበቃ ለልጆቹ ስለ ሰንጠረዥ ነገርኳቸው። ጥንት በመኳንንቱ ቤት ይጫወቱት የነበረው የእኛው ቼዝ ጅማሬው ወረራ ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ፣ እጃቸው በቻለው ፍጥነት ያሰልፋሉ። ብሊትዝ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር የሚመስላቸው ልጆች ዓይናቸው በራ። በየዓመቱ ይህን ሳልነግራቸው ውድድር አልጀምርም።

የመጀመሪያው ዙር በተጀመረ በአራተኛው ደቂቃ ሰባተኛው ሰሌዳ ላይ ያለው ስልክ ጠራ። ደዋዩ «እማዬ» ይላል። ጥሪው ሰዓቱን ሸፈነው፤ ልጆቹ ደነገጡ፤ አንዱ ለማጥፋት ሲነካካ መተግበሪያውን ዘጋው። የማን ስንት ደቂቃ እንደቀረ የሚያውቅ ስላልነበረ ጨዋታውን ከመጀመሪያው አስጀመርኩት፤ እያሸነፈ የነበረው ልጅ ሁለተኛውን ተሸነፈ። ስልክ በሰዓትነት የሚያገለግል ከሆነ መጀመሪያ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን፣ ስክሪኑ እንዳይጠፋ ይደረግ፣ ባትሪው ይሙላ። ከሥሩም የታጠፈ ፎጣ ይነጠፍለት፤ ልጅ ሰዓት አይነካም፣ ይመታል።

ሌላው የእጅ ነገር ነው። ጠጠሩን ያነሣው እጅ ነው ሰዓቱን መጫን ያለበት። ልጆቹ ግን ቀኝ እጃቸው ሲጫወት ግራቸው ሰዓቱ ላይ ተዘርግቶ ይጠብቃል። ሁለተኛው ዙር ላይ ሁሉንም አስቁሜ አምስት ደቂቃ ያህል ሌላ ምንም ሳናደርግ አንድ ወታደር መግፋትና ሰዓት መጫን ብቻ አለማመድኳቸው። ከዚያ በኋላ ጭቅጭቁ በግማሽ ቀነሰ። ይህ ልምምድ ከሳምንት በፊት መሠራት ነበረበት።

አሁን ወደ ሦስተኛው ዙር ልምጣ፤ እስካሁን የሚከነክነኝ እሱ ነው።

ከኮምቦልቻ የመጣች የ10 ዓመት ልጅ ዘጠነኛው ሰሌዳ ላይ ነበረች። የተቃራኒዋ ንጉሥ ከራሱ ሦስት ወታደሮች ጀርባ ተዘግቶበታል። ሩኳን፣ ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ጠጠር፣ እስከ መጨረሻው መስመር ወስዳ አስቀመጠችና እጇን ወደ እጅጌዋ መለሰች። ማት ነው፤ ንጉሡ ተይዟል፣ መውጫም የለውም። ልጁ ግን አላስተዋለም፤ መውጫ እየፈለገ ሰሌዳው ላይ አፈጠጠ። እሷም ሰዓቱን አልተጫነችም። 6፣ 5፣ 4 እያለ የእሷ ሰዓት ዜሮ ገባ። ልጁ እጁን አውጥቶ «ሰዓቷ አለቀ!» አለ።

ሮጬ ሄድኩ፤ ሰዓቱን አየሁ፤ ድሉን ለእሱ ሰጠሁት። እሷ ቀስ ብላ «ጋሼ፣ ማት ነው እኮ» አለችኝ። ሰሌዳውን አየሁ፤ እውነቷን ነው። «ሰዓት ካልተጫንሽ አይቆጠርም» ብዬ ወደ ሌላው ጠረጴዛ አለፍኩ። ከሁለት ወገን እየተጠራሁ ነበር፤ ቢሆንም ይህ ምክንያት አይሆንም።

ለዙህር ሰላት ስናቋርጥ ሕጉን ገልጬ አየሁት። በሕጋዊ እርምጃ የተሰጠ ማት ጨዋታውን እዚያው ያበቃዋል፤ ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ቢቆጥርም ባይቆጥርም ምንም አይለውጥም። ልጅቷ አሸንፋ ነበር። በዚህ መሐል አራተኛው ዙር በተሳሳተው ነጥብ ተደልድሎ አልቋል። በስዊዝ አደላደል እኩል ነጥብ ያላቸው ስለሚገናኙ እሷ ከታች ካሉት ጋር፣ ልጁ ከላይ ካሉት ጋር ተጫውተዋል። ያ አይመለስም። ነጥቡን ግን መለስኩ፤ ሁሉም በተሰበሰበበት ስህተቱ የእኔ መሆኑን ተናግሬ ይቅርታ ጠየቅኳት። ልጁን ለብቻው ጠርቼ ሳስረዳው «እኔም በኋላ ማት መሆኑን አይቼ ነበር» አለኝ። አባቱ ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። መራቂው አባት ደግሞ ልጅቷን «አብሽሪ» እያሉ ከፊታቸው ካለው ድፎ ዳቦ ትልቁን ቆርሰው ሰጧት።

ለ12 ሰሌዳ አንድ ዳኛ አይበቃም። ያውም ያ አንዱ ዳኛ ደልዳይም፣ መዝጋቢም፣ ሻይ አዳይም ከሆነ። ሕጉን የሚያውቅ ለአራት ሰሌዳ አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ ከ15 ዓመት በላይ የሆኑት የቀድሞ ተማሪዎቼ ይህን ሊሠሩ ይችሉ ነበር፤ አልጠየቅኳቸውም።

ሰላቱም ቢሆን በዕድል ነው የተገጠመው። ዙህር 6 ሰዓት ተኩል ገደማ መሆኑ እየታወቀ በፕሮግራሜ ላይ አልነበረም፤ አንድ የ14 ዓመት ልጅ መጥቶ ሲያስታውሰኝ አፈርኩ። ወሎ ውስጥ ለሚዘጋጅ የልጆች ውድድር ይህ ከሰሌዳው እኩል የሚታሰብ ነገር ነው። በምግቡ ግን አልተሳሳትኩም፤ ሥጋ ሳናስገባ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና ሻይ ስላደረግነው ሁሉም ከአንድ ሰፌድ በላ።

ልጆቹ 25 መሆናቸውም በየዙሩ አንዱን ያለ ተጋጣሚ ያስቀራል። ነጥቡን በነፃ ያገኛል፤ ግን የ8 ዓመት ልጅ ነጥብ ሳይሆን ጨዋታ ነው የሚፈልገው። የመጀመሪያው ተረኛ ጥግ ይዞ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ከወላጆች አንዱ ቼዝ የሚችሉ ስለነበሩ ከተራፊው ልጅ ጋር ለወዳጅነት እንዲጫወቱ አደረግን።

ከምሳ በኋላ ያለ ጭማሪ መጫወቱን ትቼዋለሁ። አምስተኛው ዙር ላይ የሐይቁ ልጅ ንግሥት ይዞ፣ ባዶ ንጉሥ እያሳደደ ሰዓቱ አለቀበት። ባዶ ንጉሥ ማት ሊሰጥ ስለማይችል ውጤቱ አቻ ነው፤ ይህን በትክክል ፈረድኩ፤ ልጁ ግን ጨዋታውን አሸንፎት ነበር። ለመጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች በየእርምጃው 3 ሴኮንድ እንዲጨምር አደረግኩ። 5 ደቂቃ ላይ 3 ሴኮንድ በ60 ተባዝቶ ሲደመር 8 ደቂቃ ነው፤ አሁንም ብሊትዝ ነው። ይህን የሚጨምር ሰዓት ለመሥራት የቀድሞው የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን ቦቢ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1988 የፈጠራ መብት ማመልከቻ ያስገባው ወዶ አይደለም። ጨዋታዎቹ ጥቂት ረዘሙ፤ ጠጠር መገልበጡና «ሰዓትህ አለቀ» የሚለው ጩኸት ግን ጠፋ።

የጨረስነው ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ነው። ሽልማቱ ደብተርና ሦስት የቼዝ ሰሌዳ ነበር። የኮምቦልቻዋ ልጅ አምስተኛ ወጣች። ሚኒባሱ ሲጠብቃቸው ተመልሳ መጣችና ከአራቱ ሰዓቶች አንዱን ማዋስ እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለዒድ ሌላ ውድድር እንዳለ ሰምታለች፤ እስከዚያ ከወንድሟ ጋር መጫን ልትለማመድ ነው። በፌስታል ጠቅልዬ ሰጠኋት።