የማረጥ ሙቀት፣ የማታ ወጥና የግንቦት ወበቅ

ማረጥ የሚባለው የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ሳይታይ ሲቀር ነው። ሙቀቱ፣ የሌሊት ላቡና የእንቅልፍ መቆራረጡ ግን ቀድመው ይጀምራሉ። (ከ12 ወሩ በኋላ ጠብታ ደም እንኳ ከታየ የምግብ ጉዳይ አይደለም፤ ቶሎ በሐኪም መታየት አለበት።)

ባሕር ዳር ላይ የሚያስቸግረው ይህን ከአየሩ መለየት ነው። በሚያዝያና በግንቦት ማን የማይላበው አለ? እኔ የለየሁት በደብተር ነው። ከደረት ተነስቶ ወደ አንገትና ፊት የሚወጣ፣ ልብ የሚያስመታ፣ በደቂቃዎች ውስጥ በርዶ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ከሆነ የማረጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተጣብቆ የሚውለው የወበቅ ነው። ሰዓቱን፣ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት የበላሁትንና የጠጣሁትን፣ ሌሊት ስንቴ እንደነቃሁ ምግብ ሳልቀይር ሁለት ሳምንት ጻፍኩ።

ከዚያ ተሳሳትኩ። ግንቦት ላይ ተልባውንም፣ አኩሪ አተሩንም፣ ቡና መቀነሱንም ባንድ ሳምንት ጀመርኩ። ሰኔ ሲገባ ቀለለኝና ተልባውን አመሰገንኩ። ለካ ዝናቡም ገብቶ ነበር! ጥቅምት ላይ እንደ አዲስ ጀምሬ አንድ ነገር ብቻ እየለወጥኩ ሦስት ሦስት ሳምንት ቆየሁ።

ቶሎ ለውጥ ያየሁት ምንም ሳልጨምር፣ ሰዓት በማዛወር ብቻ ነው። ቀይ ወጥና ሚጥሚጣ ወደ ምሳ ሄዱ፤ ማታ አልጫ፣ ወይም በሎሚና በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ። በማረጥ ጊዜ አንጎል የሰውነትን ሙቀት የሚጠብቅበት ልክ ስለሚጠብብ ትንሽ ሙቀት ሲጨመር ላብ ያዛል፤ የበርበሬው ማቃጠል ደግሞ ሙቀት የሚሰማውን ነርቭ ራሱን ይነካል። ወጡንም ከእሳት እንደወረደ አልበላም፣ ለብ ሲል ነው። ማታ አረቄና ጠጅ ቀርቷል። ቡና የዘጌም ቢሆን ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት፤ ከተጠጣ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም የካፌይኑ (የሚያነቃቃው ነገር) ግማሽ ደም ውስጥ አለ። ሰው ቤት ቡና እምቢ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ መላው ዘግይቶ በረካ ላይ መድረስ ነው።

አኩሪ አተር ከኤስትሮጅን ጋር የሚመሳሰል ንጥረ ነገር ስላለው ሙቀቱን በመጠኑ ይቀንሳል፣ ለሁሉም ሴት ግን እኩል አይሠራም፤ የአንጀት ባክቴሪያ ይለያያል። እኔ ሽሮ አድርጌ ነው የምበላው፤ አዘገጃጀቱ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። በሚፈላ ውሃ ውስጥ ጨምሬ 20 ደቂቃ እቀቅላለሁ፣ ገለባውን አሽቼ አወጣለሁ፣ ሲነክሱት ቀጭ እስኪል ፀሐይ ላይ አደርቃለሁ፣ ከዚያ በለስላሳ እሳት ወርቅማ እስኪሆን አምሳለሁ። መቀቀሉን ከዘለሉት የጥሬ ሽታው ሽሮው ውስጥ ይቀራል፣ ሆድም ይነፋል። ብቻውን ወፍጮ ቤት አይወሰድም፤ ቅባቱ ወፍጮውን ይደፍናል። እኔ 1 ኪሎውን ከ3 ኪሎ ሽምብራና ባቄላ ጋር አስፈጫለሁ። ሽሮው ብቻውን ትንሽ ስለሚሆን በቀን አንድ እፍኝ ቆሎውን እጨምራለሁ። ለአኩሪ አተር ግን ሦስት ሳምንት አይበቃም፤ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ሳይጠብቁ አልሠራም ማለት አይቻልም። የእንቅርት ክኒን የምትወስድ ሴት ከክኒኑ ቢያንስ 4 ሰዓት ታራርቀው፤ የጡት ካንሰር የነበረባት ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትጀምር።

ተልባ ሙቀቱን ያጠፋል ሲባል ትሰማላችሁ። ሲፈተሽ ያን ያህል አልሆነም፣ እኔም ደብተሬ ላይ ልዩነት አላየሁም። ያልተውኩት ለሆድ ድርቀት ስለሚረዳ ነው። መንጣጣት ሲጀምር ከምጣዱ ላይ ይነሳል፤ ከጠቆረ ይመራል። የሳምንቱን ብቻ ፈጭቼ በጠባብ ዕቃ እከድናለሁ፣ ዱቄቱ ቶሎ ይበላሻል። 2 የሾርባ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ከላዩ ሌላ ብርጭቆ። ያለ ውሃ ከተበላ ድርቀቱን ያብሰዋል።

አጥንት ሌላ ጉዳይ ነው፣ ስሜት አይሰጥም። ከ50 ዓመት በላይ ላለች ሴት በቀን 1,200 ሚሊግራም ካልሲየም ይመከራል። አንድ ብርጭቆ ወተት (250 ሚሊ ሊትር) ወደ 300 ይሰጣል፣ እርጎም እንዲሁ። ችግሩ ረቡዕ፣ ዓርብና 55ቱ የሁዳዴ ቀናት ናቸው። ያኔ የምደገፈው በጎመን ነው። ቆስጣ አይተካውም፤ ውስጡ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ስለሚይዘው ሰውነት አያገኘውም። ጾም ላይ ክኒን የሚታዘዝላት ካለች ካልሲየሙ ባንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም አይብለጥ፣ ቀሪው ለሌላ ሰዓት ይቆይ።