ያድርሰን፣ ሰውዬውንም ያድርሰው

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አደረሳችሁ! ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ እንኳን በሰላም አሸጋገራችሁ።

ይህን የምጽፍላችሁ ከየካ አባዶ ነው። ገና ጠዋት ነው። ትናንት ማታ ግቢው መሀል የለኮስነው ችቦ አመዱ አልተጠረገም። ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው እየዘፈኑ ከፎቅ ፎቅ ይወጣሉ። ደረጃው ቄጤማ በቄጤማ ሆኗል። ከየቤቱ የሚቁላላ ሽንኩርት ይሸታል። ዶሮው እስኪደርስ ትንሽ ጊዜ አለኝ፤ ከእናንተ ጋር ላውራ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በአንድ ነገር ነው። መጽሐፍ በመጠበቅ። አብረን ስንጠብቅ ነው የተዋወቅነው።

ለአዲስ ወዳጆች በአጭሩ ልንገራችሁ። ጆርጅ አር. አር. ማርቲን የሚባሉ አሜሪካዊ ደራሲ አሉ። ጌም ኦፍ ትሮንስ ሲባል የሰማችሁት ፊልም የተሠራው ከእሳቸው ተከታታይ ልብ ወለድ ነው። የተከታታዩ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ የበረዶና የእሳት ዜማ ይሆናል። መጀመሪያ ሦስት ቅጽ ይሆናል ተብሎ ነበር። አሁን ሰባት ተብሏል። የመጀመሪያው በ1988 ዓ.ም. ወጣ። ሦስተኛው በ1992። አራተኛው በ1998 ሲወጣ፣ ደራሲው አምስተኛውን በዓመቱ እናደርሳለን ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ስድስት ዓመት ግድም ፈጀ።

አምስተኛው የወጣው ሐምሌ 5 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ቀኑን የማልረሳው የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት ስለሆነ ነው። እማዬ የሰኔን ጾም የፈታችበት ቀን። እሷ ስትፈታ የእኛ ጾም ተያዘ። እስከ ዛሬም አልተፈታም። ያ ዓመት ዘመነ ሉቃስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሉቃስ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። ያኔ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው።

በ2008 የገና ሳምንት ደራሲው አንድ መልእክት ጻፉ። ስድስተኛውን ለማስረከብ የተቀጠረው ቀን አለፈ፣ በመቶ የሚቆጠር ገጽ ተጽፏል፣ መጽሐፉ ግን አላለቀም አሉ። ያን ቀን በጣም ተናደድኩ። ዛሬ ሳስበው የሚቆጨኝን ነገርም ተናገርኩ። አንዳንዶቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ሌላ ደራሲ ወይም ሐያሲ አይደለም። ጎረቤቴ ጋሼ ናቸው።

ጋሼ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ለኮንዶሚኒየም በ1997 ተመዝግበው፣ ዕጣው የወጣላቸው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። መጠበቅን ያውቃሉ። እንግሊዝኛ አያነቡም። አንድ ማታ መብራት ሄዶ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ በስልኬ ባትሪ ሳነብ አገኙኝ። «ምን ቢሆን ነው እንዲህ የሚያፈዝህ?» አሉኝ። የመጀመሪያውን መጽሐፍ መግቢያ ነገርኳቸው። ሦስት ጠባቂዎች በበረዶ የተሸፈነ ጫካ ውስጥ ገብተው የሚያጋጥማቸውን። እስከ መጨረሻው ምንም ሳይሉ ሰሙኝ። ከዚያ «ደህና እደር» ብለው ገቡ።

በማግስቱ ማታ መብራት ነበር። ጋሼ ግን በርጩማቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ጠበቁኝ።

አምስቱን መጽሐፍ ተርኬ እስክጨርስ ሁለት ክረምትና አንድ በጋ ወሰደብኝ።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ክረምት የሚለው ቃል ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ሁሉም ሰው ክረምትን ይፈራል። ይህን ስነግራቸው ጋሼ አልገባቸውም። «ክረምት መጣ ተብሎ ይፈራል እንዴ? ታዲያ ገበሬው በምን ሊዘራ ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የእኛ ክረምት ጭቃ አለው፣ ጭጋግ አለው፤ አባዶ ላይ ደግሞ ከተራራው የሚወርደው ንፋስ አጥንት ይገባል። ግን እህሉ የሚበቅለው በእሱ ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ነው። እኔ ራሴ ማንበብ የለመድኩት በክረምት፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልዬ፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ነው። እንዴት አድርጌ ክረምትን ላስፈራራቸው?

የነሱን ክረምት ለማስረዳት ሞከርኩ። ዓመታት የሚቆይ ብርድ፣ ምንም የማይበቅልበት፣ ሽማግሌና ሕፃን የሚያልቅበት። ጋሼ የመንዝ ሰው ናቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ውርጭ በለው» አሉኝ። «ባቄላው አበባ ይዞ እያለ አንድ ሌሊት ይወርድበታል። ጠዋት ስትነሣ ማሳው ጠቁሮ ታገኘዋለህ። አባቴ ማሳው ዳር ቆሞ ሲያይ አይቼዋለሁ። አልተናገረም። እሱን ነው የምትለኝ።»

እሱን ነበር የምለው። ከዚያ ማታ ጀምሮ በእኛ ደረጃ ላይ ክረምት የለም፣ ውርጭ ነው ያለው። ስድስተኛው መጽሐፍ የክረምት ነፋሳት የሚል ርእስ ተሰጥቶታል። ጋሼ «የውርጭ ነፋስ» ነው የሚሉት። ሰባተኛው የጸደይ ሕልም ይባላል ስላቸው ደግሞ «በልግ ማለት ነዋ» አሉ፤ እንደ መንዝ ገበሬ ልጅ። እንግሊዝኛውን ሳነብ ያልገባኝ ብዙ ነገር በእሳቸው አማርኛ ነው የገባኝ።

አምስተኛው መጽሐፍ መጨረሻው አካባቢ፣ ትልቁን ግንብ የሚጠብቁት ሰዎች አዛዥ የሆነው ወጣት በገዛ ወንድሞቹ በጩቤ ይወጋል። በረዶው ላይ ወድቆ እንተወዋለን። ይህን የነገርኳቸው ማታ ጋሼ በርጩማቸውን ሳያነሡ ቀሩ። «ከዚያስ?» አሉኝ። «ከዚያ ያለው አልተጻፈም» አልኳቸው። ብስጭት ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ስለ ሬዲዮ አወሩኝ።

ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ጋሼ ጎልማሳ ነበሩ። ሰፈሩ ውስጥ ሬዲዮ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ሁሉም እዚያ ቤት ይሰበሰባል። ቡና ይፈላል፤ ሕፃን ካለቀሰ እናቱ ይዛው ትወጣለች። ትረካው «ይቀጥላል» ሲል ሰው ወዲያው አይነሣም። ስለ በዛብህ፣ ስለ ሰብለ ወንጌል፣ ስለ ጉዱ ካሣ እንደ ዘመድ ያወራሉ። መጽሐፉ እኮ ከ1958 ጀምሮ ታትሞ ነበር። አንብቦ የጨረሰ አስተማሪ ጎረቤት ነበራቸው፤ መጨረሻውን ያውቃል። «ንገረን አላልነውም» አሉኝ ጋሼ። «እሱም አልነገረንም። እየመጣ ከእኛ ጋር ይሰማ ነበር።»

ያን አስተማሪ ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። መጨረሻውን እያወቀ፣ ከማያውቁት ጋር የሚጠብቀውን።

በግንቦት 2011 ፊልሙ መጽሐፉን ቀድሞ አለቀ። 8 ሲዝን፣ 73 ክፍል። የመጨረሻው ሲዝን 6 ክፍል ብቻ ነበረ። መገናኛ ካለ ፊልም የሚጭን ሱቅ በፍላሽ አስጭኜ፣ በአባዶ ታክሲ ተጋፍቼ መጣሁና ሌሊቱን ሙሉ አየሁት። ሩጫ ነበር። ለዓመታት የተገነባ ነገር በጥድፊያ ሲዘጋ ማየት ያማል፤ እስከ ዛሬም አስተያየቴ ይኸው ነው። ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወርድ ጋሼ ፊቴን አይተው «አለቀ?» አሉኝ።

«ፊልሙ አለቀ ጋሼ።»

«መጽሐፉስ?»

«አልጻፉትም።»

«እንግዲያው አትንገረኝ። ባለቤቱ ሳይናገር ከደላላ አልሰማም።»

እስከ ዛሬ አልሰሙም። ልጆቻቸው ያውቃሉ፣ ታክሲ ውስጥ የሚቀመጥ ወጣት ሁሉ ያውቃል፤ ጋሼ ወሬው ከተነሣ ወንበር ይቀይራሉ። በየበዓሉ ግን ይጠይቁኛል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ እንኳን አደረሰህ እንኳ ሳይሉኝ «ሰውዬው ጻፈው?» ይሉኛል። «አልጻፉም» እላለሁ። «ያ ልጅ እንደወደቀ ነው?» ይሉኛል። «እንደወደቀ ነው።» ከዚያ ጉንጬን ይስሙኛል።

አንድ ሌላ ታሪክም ነግሬያቸዋለሁ። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. እናንተም ታስታውሳላችሁ፤ የሚሌኒየማችን ቀን፣ ከተማው ርችት በርችት። ከአራት ቀን በኋላ፣ መስከረም 5፣ ሮበርት ጆርዳን የተባሉት ደራሲ አረፉ። የጊዜ መንኮራኩር የሚል ትርጉም ያለውን ተከታታይ ከ1982 ጀምሮ ያሳትሙ ነበር። ልባቸውን ያጠቃ ብዙ የማይታይ ሕመም ነው የወሰዳቸው። ዕድሜያቸው 58 ነበር። አንባቢዎቻቸው የመጨረሻውን መጽሐፍ እየጠበቁ ነበር። እሳቸው ግን መቅረታቸውን ሲያውቁ ታሪኩን ለቤተሰባቸው ተረኩ። በድምፅ አስቀዱ፣ ማስታወሻ አስቀመጡ፣ መዝጊያውን ራሳቸው ጻፉ። ባለቤታቸውና አርታኢያቸው ሃሪየት ማክዱጋል፣ ብራንደን ሳንደርሰን የሚባል ወጣት ደራሲ መረጡ። አንድ ይሆናል የተባለው መጽሐፍ ሦስት ሆነ። የመጨረሻው፣ 14ኛው ቅጽ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2005 ዓ.ም. ወጣ። የገና ማግስት።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ብዙ አላሰቡም። «አደራ ጥሎ ሄደ፤ ተቀባዩም አደራ አልበላም» አሉ። ከዚያ ጥቂት ቆይተው «የእኛው ሰውዬ ስንት ዓመቱ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ይህን ጥያቄ ነው ዛሬ ወደ እናንተ ያመጣሁት። ማርቲን የፊታችን መስከረም 10፣ በተቀጸል ጽጌ ዕለት፣ 77 ዓመት ይሞላቸዋል። በኅዳር 2016 ገደማ ከስድስተኛው መጽሐፍ 1,100 ገጽ ያህል እንደጻፉ ተናግረዋል። ልደታቸው በመጣ ቁጥር እኛ ውስጥ አንድ ክፉ ልማድ አለ። ዕድሜያቸውን እንቆጥራለን። «ሳይጨርስ ነው የሚሞተው» ይባላል፤ ሰውም ይስቅበታል። እኔም ብያለሁ፤ እኔም ስቄያለሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። በአገራችን ሽማግሌ ፊት ቁመን እንዲህ አንልም። ስላልጨረሰልን ሥራ እንኳን ቢሆን፣ መጀመሪያ ዕድሜ ይስጥዎ ነው የሚባለው። ተቆጡ፣ ቅር ይበላችሁ፣ መብታችሁ ነው። ግን እባካችሁ ዘንድሮ መስከረም 10 ላይ የሰውን ሞት አንቁጠር።

ትናንት ማታ ችቦው ሲለኮስ ጋሼ እንደ ልማዳቸው ግቢውን መረቁ። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ዘርግተው። እሳቱ ፊታቸው ላይ ይጫወታል። አገሩን መረቁ፣ ልጆቹን መረቁ፣ የታመመውን መረቁ፣ መንገድ ያለውን መረቁ። ከዚያ «ከርሞም በሰላም ያድርሰን» አሉ። «አሜን» አልን። «ያን ሰውዬም ያድርሰው፤ እጁን አይያዝበት» አሉ። ግቢው ሁሉ፣ ማን እንደሆነ ሳያውቅ፣ «አሜን» አለ። አጠገቤ የቆሙ እናት ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ማነው የታመመው?» አሉኝ።

«አልታመሙም፣ ደራሲ ናቸው» አልኳቸው።

«ውይ፣ አሜን» አሉ እንደገና።

እንኳን አደረሳችሁ የሚለውን ቃል በዓመት ስንት ጊዜ እንለዋለን። ትናንት ማታ ነው በደንብ የሰማሁት። ቃሉ ውስጥ መንገድ አለ። መንገድ ላይ የቀረም ሰው አለ፤ እንደ ጆርዳን፣ እንደ አንባቢዎቻቸውም። ሲጠብቁ ቆይተው ያለፉ ከእኛም መሀል አሉ፤ ነፍስ ይማር። ደረስን የምንለው እነሱን እያሰብን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጋሼ ዘንድሮ መርሳት ጀምረዋል። ባለፈው ሳምንት «ያን ልጅ ማን ነበር የወጋው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ጠየቁኝ። ከዚያ ራሳቸው ሐሳብ አቀረቡ። «ከመጀመሪያው አምጣልኝ» አሉ። «ሰውዬው እስኪጨርስ እኛም እንደርሳለን።»

ስለዚህ ዛሬ ከሰዓት፣ ቡናው ሦስተኛው ከተጠጣ በኋላ፣ ደረጃው ላይ እንጀምራለን። አባዶ ያላችሁ በርጩማችሁን ይዛችሁ ኑ። መጨረሻውን በፊልም ያያችሁም ኑ፤ እንደዚያ አስተማሪ ሆናችሁ ኑ። ሦስቱ ጠባቂዎች ጫካው ውስጥ ገብተዋል። መሽቷል፣ ውርጭ ነው።

መልካም አዲስ ዓመት።