ጅቡ ዛሬም ጮኸ

የሱቁን ሂሳብ ልሠራ ተቀምጬ መብራት ድርግም አለ። ጄኔሬተር የለኝም። ፍሪጅ ውስጥ ያለው የዶሮ እግር ሊበላሽብኝ ነው ብዬ መብሰልሰል ጀመርኩ። አዎ፣ እግሩን። እዚህ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። እናቴ ግን እንዳትሰማ።

በዚህ መሀል ከአጥሩ ማዶ ጅብ ጮኸ። ስትደውሉ ሁላችሁም ስለ አንበሳ ነው የምትጠይቁኝ። ደቡብ አፍሪካ፣ ሽሉሽሉዌ ኢምፎሎዚ የሚባለው የዱር አራዊት ፓርክ አጠገብ እየኖርኩ አንድም አንበሳ አላየሁም። አንበሳ ለቱሪስት ነው። ለእኔ የደረሰኝ ጅብ ነው። ደግሞ ደስ ይለኛል። ዓይኔን ከጨፈንኩ ሆሳዕና ነኝ፣ አያቴ በሩን በአግዳሚ እየቀረቀረች።

ጎጎ ሻማ ሊገዙ መጡ። ጎጎ በዙሉኛ አያት ማለት ነው። ከሱቁ በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ ክብ ጎጆና ብሎኬት ቤት ጎን ለጎን ያላቸው አሮጊት ናቸው። በብረት ፍርግርጉ እጃቸውን ሰደዱና «ሳውቦና» አሉኝ። «አየንህ» እንደማለት ነው። ብቻቸውን ሆነው፣ በዚያ ድቅድቅ ጨለማ፣ «አየንህ»! «ዬቦ»፣ አዎ፣ አልኩ። ጅቡ ደገመ። «ኢምፒሲ» አሉ በአገጫቸው ወደ ማዶ እየጠቆሙ። ፍየሎቻቸውን ቆጥረው አስገብተዋል፤ ምን ቸገራቸው።

ከሄዱ በኋላ አውራሪስ ትዝ አለኝ። ፓርኩ በፈረንጆቹ 1895 ሲከለል ነጭ አውራሪስ ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው። ዛሬ በየአገሩ ያለው የደቡቡ ነጭ አውራሪስ ዘሩ የሚመዘዘው እዚሁ ከተረፉት ነው። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ በማደንዘዣ እየተወጋ፣ በሳጥን እየተጫነ፣ እስከ ውጭ አገር ተላከ። በሕጋዊ ወረቀት! እኔ በዚያው አህጉር፣ ስንቱን ድንበር በእግሬ አቋርጬ መጥቼ፣ ወረቀቴን ለማሳደስ ስንት ሌሊት ሰልፍ ላይ አድሬአለሁ። አውራሪስ ላይ መቅናት ምን ይባላል?

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይላሉ የኛ ሰዎች። እዚህ ግን ጅቡ ባለአገር ነው፣ እንግዳው እኔ። አራት ዓመት ሙሉ ቁርበት አንጥፉልኝ ስል ኖሬ፣ የምተኛው በዱቄት ጆንያና በሳሙና ካርቶን መሀል ነው። ነገ ለጎጎ ልተርትላቸው አስቤአለሁ። ይስቃሉ። ችግሩ፣ ቁርበት በዙሉኛ ምንድነው?