የፎቶ ኮፒ ቤቴ ባልጩት

አለም ገና ላይ፣ የቡታጅራው መንገድ ከሚገነጠልበት ትንሽ ገባ ብሎ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ሁለት ማሽን ናት፣ አንዷም ከታመመች ቆይታለች፣ ላሚኔሽንና መጠረዣ አለ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቶ የሚያልፈውን ሲኖትራክ መቁጠር ነው። ደንበኞቼ ፎርም የሚሞሉ ሰዎች፣ ወርክሺት የሚያባዙ አስተማሪዎች፣ ሰኔ አካባቢ ደግሞ ቴሲስ የሚያስጠርዙ ተማሪዎች ናቸው። እየጠረዝኩ ማንበብ እወዳለሁ። መጥፎ አመል ነው አውቃለሁ፣ የሰው ወረቀት ነው፣ ግን ያ ሁሉ ገጽ ሶስት ሶስት ኮፒ እስኪወጣ ቆሜ ግድግዳ ማየት አልችልም።

ጠረጴዛዬ ላይ የወረቀት መጫኛ ያደረግኳት አንዲት ጥቁር ድንጋይ ነበረች። መዳፍ የምታክል፣ እንደ ጠርሙስ የምታብለጨልጭ፣ ባንድ በኩል ጠርዟ አሁንም ስል የሆነ። አንዴ ፓኬት ልክፈትባት ብዬ ጣቴን ቆርጣኛለች።

ባለፈው አመት አንድ ከሰአት አንዲት ልጅ ፍላሽ ይዛ መጣች፣ ማስተርሷን አርኪዮሎጂ ነው የምትሰራው። ፋይሉን እስክከፍት ድንጋይዋን አንስታ ወደ ብርሃን ያዘቻት፣ አገላበጠቻት፣ ጠርዟን ሳትነካ በአይኗ ብቻ ተከተለችው፣ ከዛ "ጋሼ፣ ይቺን ከየት አመጧት?" አለችኝ። ገና አርባ አልሞላኝም፣ ጋሼ ስባል ትንሽ ይከነክነኛል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። "ከመልካ ቁንጡሬ ነዋ፣ በልጅነቴ" አልኳት፣ እንደ ኩራት እያደረገኝ። ፊቷ ተለወጠ። አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰባተኛ ክፍል እያለን ትምህርት ቤታችን ለሽርሽር ወሰደን። መልካ ቁንጡሬ አዋሽ ዳር ያለ፣ የጥንት ሰው አጥንትና መሳሪያ የሚገኝበት ቦታ ነው፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ለኛ ደግሞ ከዛም ያንሳል። ወረድን፣ አስተማሪያችን "እዚህ ጥንታዊ ሰው ይኖር ነበር" አለን፣ ተሰለፍን፣ ሙዚየም የሆኑትን ጎጆዎች ዞርን፣ ዳቦ በሙዝ በላን፣ አለቀ። ማን ነበር የኖረው? መቼ? ምን ይበላ ነበር? አንድም የነገረን የለም፣ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም፣ አልፈርድበትም ማን ነግሮት። ወደ አውቶብሱ ስንመለስ ከጉድባ ዳር ይቺን አነሳኋትና ኪሴ ከተትኳት። ቤት ስደርስ አያቴ አይታ ምን አለችኝ መሰላችሁ፣ "ይሄማ ባልጩት ነው፣ ድሮ ምላጭ ሳይመጣ የልጅ ጭንቅላት በዚህ ነበር የሚላጨው።" በቃ። አስተማሪው ያልነገረኝን እሷ በአንድ አረፍተ ነገር ነገረችኝ፣ ግን ያኔ አልገባኝም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ማሽኑ እያተመ ሳለ ድንጋይ ከቦታው ሲነሳ ምን እንደሚሆን አስረዳችኝ። ድንጋዩ ራሱ እድሜውን አይናገርም። እድሜውን የሚነግረን የተኛበት አፈር ነው። በዛ አካባቢ በየዘመኑ እሳተ ገሞራ እየፈነዳ አመድ አልብሶታል፣ አዋሽ ደግሞ አሸዋና ጠጠር እያመጣ ሲደርብበት ኖሯል፣ ስለዚህ መሬቱ እንደ ተደራረበ ብርድ ልብስ ነው። አመዱ ውስጥ ካለው ፖታሲየም ጥቂቱ ቀስ እያለ ወደ አርገን ጋዝ ይለወጣል፣ እሱን ለክተው የንብርብሩን እድሜ ያወጣሉ። ከአመዱ በላይ የተገኘ ነገር ከአመዱ ያንሳል፣ ከስሩ የተገኘ ይበልጣል። ኪስ ውስጥ የተገኘ ግን የትም የለም። "የርሶ ድንጋይ" አለችኝ፣ "ሚሊዮን አመት ሊሆናት ይችላል፣ የአያቶ አያት የጣሏትም ልትሆን ትችላለች።" ዝም አልኩ። ለሶስቱ ኮፒ የጥራዝ ዋጋ አላስከፈልኳትም፣ ጉቦ ይሁን ንስሃ እኔም አላውቀውም።

ያን ቀን ማታ የቴሲሱን ፋይል ዴስክቶፔ ላይ ረስታው ሄዳ ነበር፣ ደውዬ ላጥፋው ስላት "ከፈለጉ ያንብቡት፣ ከአስተማሪዬ ሌላ የሚያነበው የለም" አለችኝ። አነበብኩት። እንግሊዝኛው ከብዶኝ ሶስት ሳምንት ፈጀብኝ፣ ከዛ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ ስፈልግ ከረምኩ፣ እንቅልፍ ነሳኝ ነው የምላችሁ።

ቦታውን ለሳይንስ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1963 ዠራር ደከር የሚባል ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ነው፣ ከዛ ዣን ሻቫዮን የሚመራው የፈረንሳይ ቡድን ለብዙ አመት ቆፈረ፣ በኋላ ጣልያኖቹ ተረከቡ። ጋርባ በሚባለው በኩል እ.ኤ.አ. በ1981 የአንድ ህጻን መንጋጋ ተገኘ፣ ሁለት ሶስት አመት ቢሆነው ነው። ያ መንጋጋ ለአርባ አመት ያህል የማን እንደሆነ ሲያከራክር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2023 ውስጡን በኃይለኛ ጨረር አይተው የሆሞ ኢሬክተስ (ከኛ በፊት የኖረ የጥንት የሰው ዝርያ) ነው፣ እድሜውም 2 ሚሊዮን አመት ገደማ ነው አሉ። አስቡት፣ ቦታው ከባህር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። እኛ ነሀሴ ላይ ጋቢ ደርበን የምንንቀጠቀጥበት ብርድ ያንን ህጻንም መትቶታል፣ ያውም ያለ ጋቢ። ሉሲን ሁሉም ያውቃታል፣ አምስት ኪሎ ሄዶ ፎቶ ያልተነሳ የለም፣ ይሄን የሰፈራችንን ህጻን ግን እዚሁ አለም ገና ስንቱ ያውቀዋል? እኔ ራሴ በዛ መንገድ ስንቴ ተመላልሻለሁ።

እዛው መልካ ቁንጡሬ ውስጥ ሲምቢሮ የሚባለው ቦታ ደግሞ ለኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል፣ ምናልባት ባለ ሱቅ ስለሆንኩ ይሆናል። እዛ 1.2 ሚሊዮን አመት ባለው ንብርብር ውስጥ ከ500 በላይ የድንጋይ መሳሪያ አንድ ላይ ተገኘ፣ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ከባልጩት የተሰራ፣ ብዙዎቹ የእጅ መጥረቢያ፣ አሰራራቸው ተመሳሳይ። ወርክሾፕ ነው ማለት ነው። ባልጩት እንደምታውቁት ብስጩ ድንጋይ ነው፣ ትንሽ ስታጠፋ ይሰበራል፣ እጅ ይቆርጣል፣ እኔ እንኳን ፓኬት ልከፍትበት ብዬ ደምቻለሁ። እነሱ ግን መርጠውት፣ ለይተውት፣ ተክነውበት ነበር። ጎምቦሬ በሚባለው በኩል ደግሞ 700,000 አመት የሆነው የእግር ዱካ አለ፣ የአዋቂም የህጻናትም፣ ከጉማሬና ከሌላ አውሬ ዱካ ጋር ተቀላቅሎ። ያን ያነበብኩ ማታ በሩ ላይ ጭቃው ውስጥ የልጄን የጫማ ዱካ አይቼ ለምን እንደሆነ አላውቅም ቆምኩ።

የዛ ድንጋይ ምንጭ ያለበት ቦታ ስሙ ባልጪት ነው። ራሱ ቃሉ! አያቴ የነገረችኝ ቃል። ሐምሌ 2016 ላይ ዩኔስኮ "መልካ ቁንጡሬና ባልጪት" ብሎ የአለም ቅርስ አድርጎ ሲመዘግበው ዜናውን ሰምቼ ላይክ አድርጌ አልፌያለሁ፣ ድንጋይዋ ፊቴ ተቀምጣ ወረቀት እየተጫነች።

እና ምን የሚያናድደኝ መሰላችሁ። ጥናቱ አለ፣ ያውም ስድሳ አመት ሙሉ፣ ግን በፈረንሳይኛ ነው፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ በጣልያንኛ ነው። የባዳ ሰው ጥፋት አይደለም፣ እነሱ ስራቸውን ሰርተዋል፣ የኛ ልጆችም አብረው እየሰሩ ነው። ችግሩ ጥናቱ ሲያልቅ ያለቀ ይመስለናል። ልጅቷ ሶስት ኮፒ አስጠረዘች፣ አንዱ ለአማካሪዋ፣ አንዱ ለላይብረሪ፣ አንዱ ለእናቷ። እናቷ እንግሊዝኛ አያነቡም። የቅርስ አዋጁ (209/1992 ነው) በግንባታ ቁፋሮ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ያሳውቅ ይላል፣ ጥሩ፣ ግን ፋውንዴሽን የሚቆፍረው ልጅ ቅርስ ምን እንደሚመስል ካልተነገረው ምኑን ያሳውቅ? ጠጠር ነው ብሎ ከሲሚንቶ ጋር ያቦካዋል እንጂ።

ቅርስ መደገፍ ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ሚሊዮን ብር ያለው ሰው ስራ ነው። ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግስት የነበረው ግቢ ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያየ ሰው ያውቀዋል፣ እዛ የወዳጆች ማህበር የሚባል አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለ። መስቀል፣ ስእል፣ የብራና መጽሐፍ ካገር እንዳይወጣ ገንዘብ እያዋጡ እየገዙ ለሙዚየሙ ሲሰጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። መንግስት እስኪያደርገው አልጠበቁም። እኔ ደግሞ ብራና የምገዛበት የለኝም፣ ያለኝ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነው፣ ያውም አንዱ የታመመ።

ስለዚህ ልጅቷን ደውዬ ጠራኋት። የቴሲስሽን ሁለት መቶ ምናምን ገጽ በሁለት ገጽ፣ ሰባተኛ ክፍል ልጅ በሚገባው አማርኛ ጻፊልኝ አልኳት። መጀመሪያ ያመጣችው "የመካከለኛው ፕሌይስቶሲን" ምናምን የሚል ነበር፣ መለስኩት። ሁለተኛውንም መለስኩት። በሶስተኛው አያቴ ብትኖር ይገባት ነበር ያልኩትን አገኘሁ። ጎረቤቴ መምህርት ናቸው፣ ጡረታ ወጥተዋል፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ በጀርባው እንዲሆን ወደ አፋን ኦሮሞ እሳቸው መለሱልን፣ "መልካ" ማለት ወንዝ መሻገሪያ መሆኑን ራሱ ያን ቀን ነው ከሳቸው የሰማሁት፣ እዚሁ ተወልጄ አድጌ። ወረቀቱን እኔ አተምኩ። አርባ የሚሆኑ የሰፈር ልጆች ደግሞ ቦታውን ሄደው ይዩ ተባለና የመኪና ብር የት ይምጣ ሆነ።

እድር ላይ አቀረብኩት። ስብሰባው እንደምታውቁት ነው፣ ድንኳኑ ተቀደደ፣ ወንበር ጎደለ፣ የእከሌ መዋጮ አልገባም፣ እኔ ተራዬ ሲደርስ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሊሄድ ተነስቷል። ቅጥቅጥ ለመከራየት ትንሽ ብር ከእድሩ ይውጣ ስል ገንዘብ ያዣችን ሳቁብኝ፣ "እድር እኮ ለሞተ ሰው ነው ወንድሜ" አሉ። ከጥግ በኩል አንድ አዛውንት፣ ሁሌ የሚያንቀላፉ የሚመስሉ፣ አይናቸውን ሳይገልጡ "እነዚያስ ሞተው የለም እንዴ፣ ያውም ሁለት ሚሊዮን አመት ሙሉ ቀባሪ ያጡ" አሏቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ብሩም ወጣ፣ ግማሹ ከእድር፣ ግማሹ እዛው ቆሞ በተሰበሰበ መዋጮ።

ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ሄድን። ልጆቹ ወረቀቱን በመንገድ ላይ እየተቀባበሉ አንብበውት ስለነበር እኛን አስረዱን ማለት ይቀላል። አንዷ የስምንት አመት ልጅ የእግር ዱካው የተገኘው በዚህ አካባቢ ነው ሲባል ጫማዋን አውልቃ ከአፈሩ ዳር ቆመች፣ ብርድ ነው አድርጊ ብንላት እምቢ አለች። ልጅቷ፣ ማለቴ የኛዋ አርኪዮሎጂስት፣ አብራን ነበረች፣ "ድንጋይ የሚያነሳ እንዳይኖር" ስትል አይኗ እኔ ላይ ነበር። ልጆቹም ከመሀላቸው አንዱ ጎንበስ ሲል በጩኸት ያስጥሉት ነበር።

እኔ ድንጋይዋን በመሀረብ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። ለጠባቂው ሰጠኋቸው፣ ታሪኩንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ምንም አላሉኝም፣ ደብተር አወጡ፣ ስሜን ጻፉ፣ ቀኑን ጻፉ፣ "ጥቁር ባልጩት፣ አንድ" ብለው ጻፉ። "የትኛው ጋ ነበር ያነሱት?" አሉኝ ቀና ብለው። ወደ ጉድባዎቹ ዞር አልኩ። የዛኔ አንድ ግራር አጠገብ ነበር የሚመስለኝ፣ አሁን ግራሩም የለም፣ ጎርፉም መሬቱን ሌላ ቦታ አድርጎታል። ወዲህ እንበል ወዲያ ብዬ እጄን አንስቼ መልሼ አወረድኩት። ትንሽ ጠበቁኝና የተገኘበት ቦታ በሚለው አምድ ላይ ሰረዝ አደረጉ።